ለኢንክስኬፕ ምስጋና

ኢንክስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ሶዲፖዲ ከተባለ ሌላ ነፃ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ የሥዕል መሥሪያ ነው። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ፋይሉን ነው። ሥራዬን የሚያስቀምጠው ለማንም ክፍት በሆነው ኤስቪጂ በተባለው የፋይል ዓይነት ስለሆነ፣ የሠራሁትን አርማ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ የመስመሩን ውፍረትና የቀለሙን ቁጥር ማንበብ እችላለሁ። ደንበኛዬ ከዓመታት በኋላ የራሱን አርማ ለመክፈት የሶፍትዌር ኪራይ አይከፍልም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለአማርኛ ጽሑፍ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለ የፊደል ቅርጽ (ፎንት) አለ፤ እሱም ነፃ ነው። በእሱ የጻፍኩትን ቃል ወደ ቅርጽ ለውጬ የ«ለ»ን እግሮች ነጥብ በነጥብ እየጎተትኩ ሳስረዝም ሰዓቱ ሳላውቀው ይሄዳል። በማተሚያ ቤት ቀለም፣ በሲኤምዋይኬ፣ ግን ኢንክስኬፕ ደካማ ነው። እዚያ ላይ ሥራውን ስክራይበስ የተባለው የገጽ አቀማመጥ ፕሮግራም ይረከበዋል፤ እሱም እንደዚሁ ነፃ።