ፊደልና የጽሕፈት መኪና

ብልኀት የልማድ ልጅ ነው፤ ሰው የሚያስፈልገውን ሳያውቅ መሣሪያ አይሠራምና። ዳሩ ግን ልጅ ካደገ በኋላ አባቱን ሊመራ ይሻል። ዕውቀት፥ የእጅ ጥበብና የሕዝብ ልማድ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚቀርጸው ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ፊደላችን ከመኪና ጋራ ከተገናኘ ወዲህ ያገኘውን መመርመር ይበቃዋል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ፊደል ራሱ አንድ ጊዜ ዐዲስ ብልኀት የነበረ መሆኑ ነው። በንጉሥ ዔዛና ዘመን፥ በአራተኛው መቶ ዓመት፥ በድንጋይ ከተቀረጹት ጽሕፈቶች አንዳንዶቹ ግእዙን ብቻ የያዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን የድምፅ ምልክቶች ጨምረዋል። በግምት ይነበብ የነበረው በርግጥ ይነበብ ዘንድ ያደረገው ይህ ጭማሪ ነው። ስለዚህ «የቀድሞው አይነካ» የሚል ሰው የቀድሞዎቹ ራሳቸው ነክተው እንዳሻሻሉት ያስብ።

የእርሳስ ፊደል ለግእዝ የተገኘው በባዕድ አገር ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ1548፥ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን እዚያው ሲያሳትም፥ አታሚዎቹ ግእዝን የማያነቡ፥ እርሱና ባልንጀሮቹም የማተምን ሥራ የማያውቁ መሆናቸውን ገልጦ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለምኗል። በዚህ ይቅርታ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ፤ ዕውቀትና መሣሪያ በተለያዩ ሰዎች እጅ ሳይተዋወቁ ሲኖሩ የሚጐዳው መጽሐፉ ነው።

እስከዚህ ድረስ ግን መሣሪያው ፊደሉን ያገለግል ነበር። ማተሚያ ቤት ብዙ ፊደል ቢያስፈልገው ብዙ እርሳስ ያፈስሳል፤ ወጪው ይበዛል እንጂ መልኩ አይጠፋም። ነገሩ የተለወጠው የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ነው። ይህ መኪና የተሠራው ጥቂት ፊደል ላለው ለላቲን ጽሕፈት ነው፤ ቍልፎቹ አምሳ አይሞሉም፤ እያንዳንዱም በተለመደው አሠራር ሁለት ምልክት ብቻ ይሸከማል። ያማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹም ገና አልተቈጠሩም። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር ለመፍታት የደከሙት ድካም ምስጋና የሚገባው ነው። ሆኖም በጽሕፈት መኪና የፊደሉ አካል ለብቻው ይመታል፤ የድምፁ ምልክት ከዚያ በኋላ ይቀጠልበታል። በብራና ላይ ከአካሉ ጋራ አንድ የነበረው ምልክት በወረቀቱ ላይ ተነጥሎ ሲንጠለጠል ታየ፤ ለቁም ጸሓፊ ዐይን እግሩ የተሰበረ ፊደል ይመስላል። ዳሩ ግን የመሥሪያ ቤት ሥራ ስለ ፈጠነ ሕዝቡ መልኩን ለመደው።

ከዚህም የተነሣ «መኪናው ፊደሉን ካልቻለ ፊደሉ ይቀነስ» የሚለው አሳብ በረታ። የአሻሻዮቹ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ሀ ሐ ኀ፥ ሰ ሠ፥ አ ዐ፥ ጸ ፀ ባማርኛ አነጋገር ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ ሕፃንም ያለ ጥቅም ይደክምባቸዋል ይላሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በድምፅ የሚተካከሉትን ፊደላት ቀንሶ የተጻፈ ነው፤ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በፊደል ማነስ ምክንያት ምሥጢሩ ጠፋብኝ ሊል አይችልም። ፍርድ ቅን ይሆን ዘንድ ይህን ማመን ይገባል።

በሌላው ወገን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ቆመዋል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ቃልን ሁሉ ከሥሩ ይተረጕማል፤ ሥር ከጠፋ ትርጓሜ ይጠፋልና። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት እንደ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ግብር ነው። «መሀረ» አስተማረ፥ «መሐረ» ይቅር አለ፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፥ «ሰአለ» ለመነ። የቅኔ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቅኔ በጆሮ የሚሰማ ስለ ሆነ ባለቅኔው የድምፁን አንድነት የሰሙና የወርቁ መገናኛ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ቅኔው የሚጣፍጠው ሁለቱ ፊደላት ልዩ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰሚ ነው። ልዩነቱ የተረሳ እንደ ሆነ ሰሙ ይቀራል፥ ወርቁ ይቀበራል።

የሁለቱም ወገን ሚዛን ጕድለት አለበት። አጥባቂዎቹ ለግእዝ የሚገባውን ጥንቃቄ ባማርኛ ደብዳቤ ላይ ሁሉ ጫኑት። አሻሻዮቹ ደግሞ የመሣሪያን ድካም የፊደል ኀጢአት አድርገው ቈጠሩት። ይህም በጊዜው ተገለጠ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለግእዝ ፊደላት ከ300 በላይ የቍጥር ስፍራ ሰጣቸው፤ ኮምፒዩተርም ሐን ከኀ ለይቶ ያለ ድካም ይጽፋል። ከቅነሳው ምክንያቶች አንዱ ሞተ፤ ልማዱ ግን አልሞተም። ዛሬ በስልክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣቱ ቀድሞ ያገኘውን ሀ ይወስዳል፤ ሐን ለማግኘት አንድ ምት መጨመር ስለሚያስፈልገው ይተወዋል። ፊደሉን ቀድሞ የብረት ማነስ ያስቀረው ነበር፤ ዛሬ ችኰላ ያስቀረዋል።

ከዚህም የሚያስገርም ነገር አለ። «ዓለም» ተብሎ የተጻፈውን ጽሑፍ «አለም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል፤ ለኮምፒዩተር የሁለቱ ቍጥር ልዩ ልዩ ነውና። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ያማርኛን ጽሑፍ ሲያዘጋጁ በድምፅ የሚተካከሉትን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ሥርዓት ያበጃሉ። ቀድሞ ሰው ሲለይ መኪና ይቸገር ነበር፤ ዛሬ መኪና ሲለይ ሰው ያቀላቅላል። ይህ ሥርዓት ላማርኛ ይበጃል፤ ሳይመረመር ለግእዝ መጽሐፍ ቢያውሉት ግን የወጣችውን ፀሐይ ሌባ ያደርጋታል።

እንግዲህ ዐዲስ መሣሪያ ሲመጣ ልማድን ከመቍረጥ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጕድለቱ የማን እንደ ሆነ ነው። የልማዱ ከሆነ በዔዛና ዘመን እንደ ተደረገው ይሻሻል። የመሣሪያው ከሆነ ግን መታገሥ ይሻላል፤ መሣሪያ ያረጃል፥ ይለወጣልም። በዕለት ጽሕፈት ሰ ስለ ሠ የጻፈ ሰው አይወቀስ፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ፥ የትምህርት መጽሐፍ የሚያርም፥ የግእዝ ድርሳን ወደ ኮምፒዩተር የሚያገባ ሰው ግን የፊደሉን ሥር ይጠብቅ። ይህንም ለማድረግ የመሣሪያው ባለሙያና የቋንቋው ሊቅ ባንድ ገበታ መቀመጥ አለባቸው፤ ይህ ካልሆነ የተስፋ ጽዮን ይቅርታ ዳግመኛ መጻፉ አይቀርም።