ሐተታ በእንተ ሺቦሌት፤ ስለ እንግሊዝ የመለያ ቃላትም

በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 የተጻፈው ታሪክ የታወቀ ነው። ዮፍታሔ አሞንን ድል ከነሣ በኋላ የኤፍሬም ሰዎች ስለ ምን አልጠራኸንም ብለው ተጣሉት፤ ተዋግተውም ድል ሆኑ። የገለዓድ ሰዎችም የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ኹሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር። ሲቦሌት ያለ እንደ ሆነ ኤፍሬማዊነቱ ታውቆ በዚያው ይገደላል። የወደቁትም 42,000 ናቸው።

ይህ ቃል ወደ እንግሊዝ ቋንቋ ገብቶ ከመለያ ቃላት እንደ አንዱ ሆኖ ይነገራል። አነጋገሩን መመርመር ይገባል። ምነው ቢሉ፣ ዛሬ ከእንግሊዝኛ የሚተረጕም ሰው ብዙ ነው፤ መዝገበ ቃላቱም ምልክትን የሚያመለክቱትን ቃሎች ባንድ ረድፍ ስለሚያሰልፋቸው አንዱ ባንዱ ስፍራ የሚገባ ይመስላል። ነገር ግን ምልክቱን ማን አደረገው፣ በምንስ ፈተና ተደረገ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ቃሎቹ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በዚህ ጽሕፈት ያለው ዓመት ኹሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

መጀመሪያው ሆልማርክ ነው። በ1300 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የብር ዕቃ ሳይፈተን እንዳይሸጥ፣ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ሆኖ በተገኘውም ላይ የነብር ራስ እንዲታተም ደነገገ። በ1478 ዓ.ም. አንጥረኞች ዕቃቸውን ለንደን ወዳለው ወደ ማኅበራቸው አዳራሽ እያመጡ እንዲያስፈትኑ ተደረገ። ሆል አዳራሽ፣ ማርክ ምልክት ነውና ስሙ ከዚያ ወጣ። ምሥጢሩም፦ ብሩን ብር ያደረገው ማኅተሙ አይደለም፤ ፈተናው የመሰከረለትን ማኅተሙ አጸናው እንጂ። ዛሬ ግን ጋዜጦቻቸው የወንበዴን ሥራ እንኳ የእገሌ ሆልማርክ አለበት እያሉ ይጽፋሉ። የንጽሕና ምስክር የነበረውን ለክፋት ማዋል ቃሉን ማርከስ ነው።

ሁለተኛው ካራክተር ነው። ሥሩ የግሪክ ቃል ሲሆን በገንዘብ ወይም በሰም ላይ የተቀረጸውን መልክ ያመለክታል። በመልእክተ ዕብራውያን በምዕራፍ 1 ቍጥር 3 ስለ ወልድ የተነገረው በዚህ ቃል ነው። በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቃሉን እንዳለ አልወሰደውም፤ ግልጥ መልክ ወደሚል አዛወረው። በ1946 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ኪዳን ግን የማኅተምን ምሳሌ መልሶ አመጣው። እኛም የኋለኛውን እናመሰግናለን፤ ሕትመት የማኅተሙን መልክ ሳያጐድል ያሳያልና። በእንግሊዞች አፍ ካራክተር ዛሬ የሰው ጠባይ፣ አንድም በተውኔት የሚታይ ሰው ማለት ሆኗል፤ ማኅተሙን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ስቲግማ ነው። በግሪኮች ዘንድ ይህ በባርያ ሥጋ ላይ የሚደረግ ምልክት ነበረ። ሐዋርያው ወደ ገላትያ ሰዎች በምዕራፍ 6 ቍጥር 17 በሥጋው የተሸከመውን መከራ በዚህ ስም ጠራው፤ የባርነት ነውር የነበረውንም የጌታ ገንዘብ ለመሆኑ ምስክር አደረገው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስቲግማ የሚባለው በሕመምተኛና በድኻ ላይ ሰዎች የሚለጥፉት የነውር ስም ነው። ሐዋርያው ያከበረውን ቃል ቋንቋው ወደ ቀደመ ውርደቱ መለሰው።

ሺቦሌት ግን ከእነዚህ ኹሉ ይለያል። በዕብራይስጥ ትርጓሜው የእህል ዛላ፣ አንድም የውሃ ፈሳሽ ነው፤ ሰብል የሚለውን የእኛን ቃል ሊቃውንተ ልሳን ከዚሁ ጋራ ያዛምዱታል። የግሪክ ፊደል የሺን ድምፅ ስለሌለው በሰብዓ ሊቃናት ትርጕም አንዱ ቅጂ የእህል ዛላ፣ ሌላውም የምሥጢር ቃል ብሎ ጻፈ። የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተን በ1671 ዓ.ም. ባሳተመው የሳምሶን ድርሰት ቃሉን ሲያነሣ ሞቱን አብሮ አነሣ። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሺቦሌት የሚሉት ያረጀ የወገን መፈክርን ነው። ይህ አነጋገር የ42,000 ሰዎችን ደም ረስቷል። ነገሩም ያለፈ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የትሩሂዮ ወታደሮች ብዙ ሺህ የሃይቲ ሰዎችን ሲፈጁ፣ ፔሬሂል የሚባለውን የቅጠል ስም ያስጠሩ እንደ ነበር፣ እንደ እነርሱ አድርጎ ያልጠራውም ይሞት እንደ ነበር ይተረካል።

እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። ሆልማርክ ውስጡ ተፈትኖ የሚሰጥ ነው፤ ሺቦሌት ግን ከንፈርን እንጂ ልብን አይፈትንም። ኤፍሬማዊው በደለኛ ይሁን ንጹሕ ማንም አልጠየቀውም። እኛስ ብንሆን ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ በጽሕፈት እንለያለን እንጂ በንባብ አንለይም፤ ጥንት ግን ድምፃቸው ልዩ ልዩ ነበረ። በሁለቱ የሚፈትን ዘበኛ በመሻገሪያው ቢቆም ከሊቅ እስከ ደቂቅ ማን ያመልጥ ነበር?

ስለዚህ ተርጓሚ የሆነ ሰው አራቱንም ምልክት ብሎ አይለፍ። ሆልማርክን የፈተና ማኅተም፣ ካራክተርን እንደ ስፍራው የማኅተም መልክ ወይም ጠባይ፣ ስቲግማን በሐዋርያው ቃል የባለቤት ምልክት፣ በዛሬው አነጋገር የነውር ስም ይበል። ሺቦሌትን ግን እንዳለ ይተወው፤ ታሪኩንም አብሮ ይናገር። ዳኛና ሹም የሆነም ሰውን ሲመረምር በየትኛው ምልክት እንደሚለይ ይጠንቀቅ፤ በአነጋገሩ የለየ የመሻገሪያውን ዘበኛ ይመስላል፣ በሥራው የለየ ግን ብሩን ፈትኖ የሚያትመውን።