የሂሜቶስ ቀፎዎች

እንግሊዛዊው ጆርጅ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1682 ያሳተመውን የግሪክ ጉዞ ማስታወሻ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፓርተኖንን ፍለጋ ነው። አይፈረድበትም። ዊለርና የመንገድ ጓደኛው፣ የሊዮኑ ሐኪም ዣኮብ ስፖን፣ አቴንስ የገቡት በ1676 መጀመሪያ ነው። ቤተ መቅደሱ ያኔ በኦቶማኖች እጅ መስጊድ ነበር፤ ጣሪያውም በቦታው ነው። በ1687 የቬኒስ ጦር የተኮሰው ውስጡ በተከማቸው ባሩድ ላይ አርፎ መሃሉን በታተነው።

ታዲያ ያን ዕድል ያገኙ ዓይኖች ያዩትን በቅጡ አልለዩትም። በምዕራቡ ግንባር የተቀረጸው አቴናና ፖሴይዶን በከተማይቱ ላይ ሲሟገቱ ሲሆን፣ እነሱ ግን ጎኑን ዋናው መግቢያ ነው ብለው የአቴናን ልደት አነበቡበት። ከምስሎቹ ሁለቱን የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያንና ሚስቱ ሳቢና አደረጓቸው። ከ500 ዓመት በላይ መዛነፍ! ደግሞ ስፖን የራሱን መጽሐፍ በ1678 አስቀድሞ አውጥቷል፤ ዊለር ስለ ፍርስራሽና ስለ ጽሑፍ ድንጋይ ሲያወራ የስፖን ድምፅ ከኋላው ይሰማል።

ከዕብነ በረዱ ዞር ሲል ግን ሌላ ሰው ነው። ዕፅዋት ወዳድ ነውና እየጎነበሰ ያያል። በሂሜቶስ ተራራ ካለ ገዳም ያገኛቸውን ቀፎዎች እንዲህ ይገልጻቸዋል፦ ከአኻያ የተጎነጎነ፣ አፉ ሰፊ ታቹ ጠበብ ያለ ቅርጫት፣ ውስጥና ውጪው በጭቃ የተመረገ። አፉ ላይ ዝርግ እንጨቶች ይደረደራሉ፤ ንቦቹም እንጀራቸውን ከእነዚህ ላይ አንጠልጥለው ይሠራሉ። በጸደይ እንጨቶቹን ከነእንጀራቸው ግማሽ በግማሽ ወደ ሌላ ቅርጫት ያዛውሩና አንዱን መንጋ ሁለት ያደርጉታል። ማር ሲቆርጡም ንቡ አይገደልም፤ በዊለር አገር ያኔ መንጋውን በድኝ ጢስ ጨርሶ ማሩን መውሰድ የተለመደ ነበር። (የእኛ አናቢዎች «የሽግግር ቀፎ» የሚሉትን የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ሥዕሉን ሳያይ ይረዳዋል።)

እዚህ ላይ ስፖን የለም፤ የጥንት ደራሲም የለም። ቀፎው ፊት የቆመ ሰው ብቻ አለ። ይህ ቀላል አይደለም፦ በ1675 ጊዬ የተባለ ፈረንሳዊ አቴንስን ሳይረግጥ ስለ አቴንስ መጽሐፍ አውጥቶ፣ ስፖን ስህተቱን እዚያው ከተማ ውስጥ እየዞረ ነቅሶበታል።

ጊዜ ያጠረው አንባቢ የፓርተኖኑን ክፍል ይዝለለውና ከገዳሙ ይጀምር።