ፊቱ የእኛ፣ ቋንቋው የሌላ፦ ስለ ኢንተርኔት የልገሳ ገጾች

ለሴሚናር ሥራዬ ስል በዚህ ዓመት በርካታ የልገሳ ገጾችን አንብቤአለሁ። ሁሉም እስራኤል ውስጥ የሚሠሩ፣ በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ስም ገንዘብ የሚጠይቁ ዐሙታዎች ገጾች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የምተቸው አንዱን ማኅበር ሳይሆን ሁሉም የሚጽፉበትን ልማድ ነውና። ሁለት ሦስቱን ያነበበ ሰው አራተኛውን ሳይከፍት ሊጽፈው ይችላል። ከላይ ነጠላ የለበሱ አዛውንት ወይም ደብተር ያቀፈች ልጅ ፎቶ፣ ከሥሩ ሕይወት ስለ መለወጥ የሚናገር አንድ መስመር፣ ቀጥሎ 180፣ 360፣ 1,800 የሚሉ ሳጥኖች። ቁጥሮቹ በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም። ሁሉም የ18 ብዜት ናቸው፤ 18 ደግሞ በዕብራይስጥ የፊደል ስሌት «ሐይ»፣ ሕያው ማለት ነው። ይህን ልማድ የሚያውቅ፣ ብዙውን ጊዜ አሜሪካ የሚኖር አይሁዳዊ ለጋሽ ነው ከገጹ ማዶ የታሰበው። እናቴ አይደለችም።

ፊት ለምን እንደሚቀድም ተጠንቷል። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይን እና ፖል ስሎቪክ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ መጠይቅ ለሞሉ ሰዎች 5 ዶላር ከፍለው፣ ከዚያው ላይ ለተራቡ ሰዎች መስጠት እንደሚችሉ ነገሯቸው። ለአንዱ ቡድን ሮኪያ የምትባል የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ፎቶና ታሪክ ቀረበለት፤ ለሌላው ቁጥር ብቻ። የመጀመሪያው በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጠ፤ ሁለተኛው 1.14። ፎቶውና ቁጥሩ አብረው ሲቀርቡ ደግሞ 1.43 ብቻ ሆነ። ገንዘብ አሰባሳቢው ከዚህ የሚማረው አጭር ነው፦ አንድ ፊት አሳይ፣ ቁጥሩን ተወው። እኔን ግን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ለተሳታፊዎቹ ከተሰጡት ቁጥሮች አንዱ አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ከ11 ሚሊዮን በላይ የኢትዮጵያ ሰዎች ይላል። እዚያ ቁጥር ነበርን፤ የሰጪን ልብ ሳንነካ ቀረን። እዚህ ደግሞ ፊት ሆነናል።

ፊት መሆን ታዲያ ዋጋ አለው። አንዲት ልጅ በስምንት ዓመቷ ለከሰዓት በኋላ የትምህርት ድጋፍ ተብሎ ፎቶ ተነሳች እንበል። አሥር ዓመት ቆይቶ ወታደር ስትሆን፣ ከዚያም ሥራ ስትፈልግ፣ ፎቶዋ ከ«ችግረኛ ቤተሰብ» ጋር ተጣብቆ እዚያው አለ። ወላጅ ፈርሟል ይባላል። መፈረሙንስ ይፈርማል፤ ግን በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ? ልጁ ከክፍሉ እንዳይቀርበት እየፈራ የፈረመ ሰው ፈቀደ ማለት ይቻላል?

የሚገርመው እነዚሁ ገጾች «ጸዳቃ» የሚለውን ቃል ሳይጠሩ አያልፉም። ራምባም የጸዳቃን ደረጃዎች ስምንት አድርጎ ሲዘረዝር፣ ከላይ ሁለተኛ ያስቀመጠው ሰጪው ለማን እንደሰጠ የማያውቅበትን፣ ተቀባዩም ከማን እንዳገኘ የማያውቅበትን ልገሳ ነው። ከሁሉም በላይ ያደረገው ደግሞ ሰውየውን እጁን ይዞ በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ማቆምን ነው፤ ዳግመኛ እንዳይለምን። አባቶቻችን ጎንደር ሆነው ራምባምን አላነበቡም፤ የተቸገረን ሰው ገመና መሸፈን ግን ማንም አላስተማራቸውም። የልጅቷን ፊት በዓለም ፊት አውጥቶ ጸዳቃ ብሎ መጥራት በየትኛው ደረጃ እንደሚመደብ እኔ አልገባኝም።

ስለ «24 ሰዓት ብቻ፣ እያንዳንዱ ሸቄል እጥፍ ይሆናል» ዘመቻዎች ብዙ አልልም። ዲን ካርላን እና ጆን ሊስት፣ እነሱም በ2007፣ እጥፍ የሚያደርግ ለጋሽ መኖሩ ሲነገር በአንድ ደብዳቤ የሚገኘው ገቢ 19 በመቶ እንደሚጨምር፣ ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ ቢባል ግን ከዚያ በላይ ምንም እንደማይጨምር አሳይተዋል። ከአንድ በላይ ያለው ጩኸት ነው እንግዲህ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ገጹ የማያናግረው ሰው ነው። አንድ ጊዜ እናቴ ለምታውቀው የወጣቶች ማእከል መስጠት ፈለገችና አብረን ከፈትነው። ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ብቻ። የመታወቂያ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አሃዞች። «ልጄ፣ ተቀባዩ ማን ነው?» አለችኝ። ተቀባይ የለውም፣ ማሽን ነው አልኳት። ካርዷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ገጹ በትልቁ የጻፈው ማባበያ ሰዒፍ 46 ነው፤ እውቅና ላለው ማኅበር የሰጠ ሰው የልገሳው 35 በመቶ ከገቢ ግብሩ ይቀነስለታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የሚቀነሰው ከሚከፈል ግብር ላይ ነው። ደመወዟ ግብር ለማይደርስበት የጽዳት ሠራተኛ የሚመልስላት ነገር የለም።

አማርኛ ተናጋሪ ድሮም በኢንተርኔት አይሰጥም የሚሉኝ አሉ። በ2025 መጀመሪያ ሰይፉ ፋንታሁን ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ያደረገውን ማሰባሰቢያ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ሕዝቡ እየተመለከተ በቀጥታ ነው የሰጠው። (ይህ ደግሞ ከራምባም ሥውር ልገሳ ጋር ይጋጫል፤ አውቃለሁ። ሰጪው ቢታይ ግን ተቀባዩ እንደመታየቱ አይጎዳም።) ልዩነቱ ሰጪው ባለቤት ሆኖ መጠራቱ ነው። የመለገስ ልማዱማ ድሮም ነበረን። ሐጋር ሰሎሞን ከባልደረቦቿ ጋር በእስራኤል ስላሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዕቁብ የጻፈችውን ያነበበ ሰው፣ ቋሚ ገንዘብ ያለ ምንም ቁልፍ እንዴት በየወሩ እንደሚሰበሰብ ያያል። ለቅሶ ቤትም ብንሄድ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ስምህን ይጽፋል፣ የሰጠኸውን ይጽፋል። ያ ደብተር ደረሰኝ ብቻ አይደለም፤ ነገ በአንተ ሲደርስ የሚነበብ ቃል ነው። ደብተሩን የያዘው ሰው ቢያጎድል የት እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል።

ዐሙታዎችም ሒሳብ ይሰጣሉ ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ በ1980 ዐሙታዎች ሕግ ሥር የተመዘገቡ ናቸው፤ የገንዘብ ሪፖርታቸውና የአምስቱ ከፍተኛ ተከፋዮች ደመወዝ ሳይቀር በጋይድስታር እስራኤል ድረ ገጽ ይወጣል። ግን ሒሳቡ በስሙ ገንዘብ ለሚለመንበት ሰው በሚገባው ቋንቋ አይቀርብም። ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት የቀረበ ሒሳብ ለእናቴ እንደቀረበ አልቆጥረውም።

ለማኅበራቱ አላዝንም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹን የሚመሩት የእኛው ልጆች ናቸው፤ የክፍሉ ኪራይ በየወሩ ይመጣል፣ የልጅ ፎቶ ደግሞ ገንዘብ ያመጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፎቶውን አውርዱ ሲል ማን ኪራዩን ይክፈል የሚለውንም መመለስ አለበት። በእኔ ግምት መልሱ ከ1,800 ሳጥን ሳይሆን በወር 20 ሸቄል ቋሚ ከሚሰጡ ብዙ ሰዎች ይጀምራል፤ እነሱ ደግሞ በአማርኛ ካልተጠየቁ አይመጡም። አንድ ትንሽ ማኅበር ጋ ብቻ ይህን የሚመስል ነገር አይቻለሁ። ገጹ ላይ የልጅ ፊት የለም፤ ያለው የክፍሉ በር ፎቶ ነው። ከሥሩ በአማርኛም በዕብራይስጥም የወሩ ወጪ ተዘርዝሯል፦ ኪራይ፣ መብራት፣ የሒሳብ አስተማሪ ክፍያ። መጨረሻ ላይ አስተማሪው ታሞ ሁለት ሳምንት ትምህርት እንዳልነበረና ያልተከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው ወር እንደተላለፈ ይነግራል፤ ለጥያቄ የሚደወልበት ስልክና የሚያነሳው ሰው ስምም ተጽፏል።