ገልብጦ ማየት

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አዲስ ልብስ ለብሰን ስንሄድበት «ያምርብህ» ከማለቱ በፊት ጫፉን ይዞ ይገለብጠዋል። ፍርዱን የሚሰጠው ውስጡን አይቶ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት የሰፏትን የሕፃን ቀሚስ ሲያሳዩኝ እጄ ሳላስበው ወደ ጫፏ ሄደ።

ቀሚሷ የትራስ ልብስ ነበረች። ይህ ስፌት በአሜሪካ የታወቀ ነው። ሚሺገን ውስጥ ሬቸል ኦኒል የመሠረተችው «ሊትል ድሬስስ ፎር አፍሪካ» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚሰፉ እንዲህ ያሉ ቀሚሶችን እየሰበሰበ ወደ ማላዊና ወደ ሌሎች አገሮች ይልካል። ሐሳቡ ግን ያረጀ ነው፤ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ የአሜሪካ እናቶች ከዱቄትና ከመኖ ከረጢት ለልጆቻቸው ልብስ ይሰፉ ስለነበር፣ የከረጢት ፋብሪካዎች ይህን አይተው አበባ የታተመበት ከረጢት ገበያ ያወጡ ነበር።

የትራስ ልብስ የተመረጠው ግማሹ ሥራ ያለቀለት ስለሆነ ነው። መደበኛው 51 በ76 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ አፉ ዙሪያውን በሰፊ እጥፋት የተዘመዘመ። ያ አፍ የቀሚሱ ታች ይሆናል። የተዘጋው ጫፍ ይቆረጣል፣ በሁለቱ ጥግ ብብት ይወጣለታል፣ አንገቱ ከፊትም ከኋላም ታጥፎ ላስቲክ ይገባበታል። እጅጌ የለ፣ ኮሌታ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ዚፕ የለ። ጀማሪ እንኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሰዋለች።

ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ኮሌታና ዚፕ ባለው ልብስ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ብዙ ስለሆነ ስሕተት ይደበቃል። እዚህ መደበቂያ የለም።

ገለበጥኳት። ክር የሚተፋ ጫፍ አጣሁ። ሴትዮዋ የፋብሪካውን የጎን ስፌት ፈትተው ሁለት ጊዜ ሰፍተውታል፤ መጀመሪያ የጨርቁን ደህና ፊት ወደ ውጭ አድርገው ሰፉና ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከረከሙት፤ ከዚያ ገልብጠው በካውያ ደፈጠጡትና ያንን ጥሬ ጠርዝ ውስጡ ዘግተው ደገሙት። ከውስጥ ሲዳሰስ አንዲት ለስላሳ መስመር ብቻ ናት። የልጅ ቆዳ ላይ የሚያርፈው ይህ ወገን መሆኑን አስቡት።

ብብቱ ላይ ብዙ ቆየሁ። የተቀደደው ጠርዝ የተለበጠው በሰያፍ በተቆረጠ ጥብጣብ ነው። ጨርቅን በድሩ ቢጎትቱት እሺ አይልም፣ በማጉም እንዲሁ፤ በሰያፍ ሲይዙት ግን ይለጠጣል። ስለዚህ በድሩ የተቆረጠ ጥብጣብ ጥምዝ ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል፤ የሰያፉ ጥብጣብ ጥምዙን ተከትሎ ይተኛል። ጥብጣቡ ሲታጠፍ አንደኛው ወገን በፀጉር ያህል ይሰፋል፤ ያ ወገን ከታች መሆን አለበት፣ መርፌው ከላይ ሲወርድ እንዲያገኘው። ሴትዮዋም አብረውኝ ሲያዩ በአንዱ ብብት ላይ ሦስት ስፌት ከታች አልያዘም። መፍቻውን አንስተው መፍታት ጀመሩ። «ማን ያየዋል?» አልኳቸው። «የምታጥበው እናት» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ሁሉም እንዲህ አይሰፋም። ፀሐይ ላይ ገላ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ ያለ ገበር ሲላክ አይቻለሁ፤ አንገት የሚያንቅ ላስቲክም አይቻለሁ፤ ለድሃ ልጅ ነውና ያልፋል የተባለ ይመስላል። ጨርቁን እዚያው ገዝቶ በአገሩ ልብስ ሰፊ ማሰፋት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር ነኝ። ይህችን ቀሚስ ይዤ ግን መከራከሩ አልሆነልኝም።

ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ ጎትተው አስገብተው ሁለቱንም ጫፍ ኋላና ፊት እያደረጉ ሰፍተውታል፤ ቢሳብም ወደ ውስጥ አይሸሽም። የብብቱ ጥብጣብ ደግሞ እዚያው አያልቅም፤ ከፊትም ከኋላም ተርፎ ትከሻ ላይ ይታሰራል። ብልሃቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ ስታድግ ቋጠሮው ይላላል፣ ቀሚሷ ትወርዳለች። ቁመቷ ሲያጥር ከሱሪ በላይ የምትለበስ ሸሚዝ ትሆናለች።

አራቱን የጥብጣብ ጫፎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ወደ ውስጥ ታጥፈው ተሰፍተዋል። አጎቴ ቢሆን ይሄኔ መልሶ ያገላብጣትና «ይህስ ደህና ነው» ይል ነበር። ከእሱ አፍ ከዚህ ያለፈ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።