ዓድዋ፦ ከምረቃው በኋላ ማን ይጠብቃል?

ጣሊያን በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ድል ተመታች። ለሞቱባት ወታደሮች ግን ሮም ላይ ሐውልት አቆመች፤ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውም ሥፍራ እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ተሸናፊው ሙታኑን እንዲህ ካሰበ አሸናፊውስ ምን አደረገ?

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጄኔራል ባራቲየሪ አራት ብርጌዶች የሦስቱ አዛዦች አልተመለሱም፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልበርቶኔ ተማረከ። ይህ የሆነበት ሜዳ ዛሬም ለድሉ የሚመጥን ሙዚየም የለውም። በየካቲት 2016 የተመረቀው ትልቁ መታሰቢያ የቆመው አዲስ አበባ ፒያሳ ነው፤ ከሜዳው በመኪና 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። መሠራቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ፒያሳ የዓድዋን ተራሮች ሊተካ አይችልም። ከ2013 እስከ 2015 የተካሄደው ጦርነትም ያንኑ አገር አድቅቆታል።

ሙያዬ ምህንድስና ነው። ግንባታ በምረቃ ቀን አያልቅም። የውሃ መውረጃው ካልተጠረገ፣ ስንጥቁ ካልተደፈነ፣ ለጠባቂው ደመወዝ በጀት ካልተያዘ ድንጋይም ይፈርሳል። በወረራው ዘመን የምኒልክን ሐውልት ከአራዳ ነቅሎ የደበቀው፣ የአክሱምንም ወደ ሮም የጫነው ጠላት የሐውልትን ዋጋ ከእኛ ይልቅ የተረዳ ይመስላል።

ለመሆኑ ቸልተኝነቱ የገንዘብ እጦት ብቻ ነውን? አይመስለኝም። የተወለድኩት ወላይታ ሶዶ ነው። ዓድዋ ሊደርስ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ሲቀረው፣ በ1887፣ የምኒልክ ጦር ወላይታን ወግቶ ንጉሥ ጦናን ማረከ። አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሃይም የደሙን ብዛት ጽፎ ትቶልናል። እዚህ ሲያትል አንዳንድ ወገኖቼ በዚህ የተነሣ «ዓድዋ የእኛ አይደለም» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የጦና ስም ከተነሣ ድሉ የሚረክስ ይመስላቸዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል። ጣሊያን ዓድዋ ላይ ቢቀናው ኖሮ ቀንበሩ ለሶዶም አይቀርለትም ነበር። ይሁን እንጂ ቁስልን የሚደብቅ ሐውልት ለቁስለኛው ባዕድ ነው። የባዕድን ንብረት ደግሞ ተግቶ የሚጠብቅ የለም።

ስለዚህ ለየካቲት ድግስ ከምናዋጣው ላይ ቀንሰን ለሜዳው ካርታ፣ በየኮረብታው በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ ለሚጻፍ የድንጋይ ምልክት፣ ለጠባቂም ደመወዝ እናውለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ቸር ይግጠመን።