ለአሮጌው ኮምፒዩተር የትኛው መጽሐፍ?

የዛሬው የመጻሕፍት ዓምዳችን ስለ ልብ ወለድ ሳይሆን ስለ ፕሮግራም መጻሕፍት ነው። የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀመርን። ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለውን የ1982 እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተር አስመስሎ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ጫንን። አሮጌ ማሽን የመረጥነው ወደን ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ደካማ ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ ሲከፈትም ወዲያው ትእዛዝ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ከአንድ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ካደረግሁት ገጽ ላይ «ፖክ 53280,2» የሚል መስመር ሰጠኋቸው። የስክሪኑ ጠርዝ ቀይ መሆን ነበረበት። ማሽኑ «ኦኬ» አለ፤ ጠርዙ ግን አልተለወጠም። አንዷ ተማሪ አራት ጊዜ ደጋግማ ጻፈችው። በመጨረሻ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ኮምፒዩተር አይገባኝም» ብላ ተነሳች።

የተሳሳተችው እሷ አልነበረችም። ገጹ የኮሞዶር 64 ነበር! በኮሞዶር 53280 የጠርዙ ቀለም የሚቀመጥበት አድራሻ ነው። ባለ 48 ኪሎባይቱ ስፔክትረም ላይ ግን ተራ የሚሞሪ ቦታ ነው፤ ቁጥሩን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ። በስፔክትረም «ቦርደር 2» ማለት ይበቃ ነበር። ሁለቱም ማሽኖች ቋንቋቸው ቤዚክ ይባላል፣ ሆኖም አንድ አይደሉም። በኮሞዶር «ሌት» የሚለው ቃል ቢቀርም ያልፋል፤ በስፔክትረም ግን ግዴታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ የማሽኑ ስም ነው። «ቤዚክ» የሚል ሽፋን ብቻውን አይበቃም። እኛ ዘንድ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጅቡቲ የፈረንሳይኛ አገር ስለሆነች የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያጓጓል። ፈረንሳይ በ1985 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶቿ ካደለቻቸው ማሽኖች አንዱ ቶምሰን ኤም ኦ 5 ነበር፣ መጽሐፍም ተጽፎለታል። ሐሳቡን ከእሱ መማር ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ግን 6809 ነው፣ የስፔክትረም ዜድ 80። አድራሻዎቹን ገልብጦ መሥራት አይቻልም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልግባ። ከስፔክትረም ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው፣ ስቲቨን ቪከርስ የጻፈው መመሪያ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል እላለሁ። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ መጨረሻቸው ላይም መልመጃ አላቸው። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ሒሳቡ በድንገት ይከብዳል። ደግሞም የማሽኑን የራሱን ኪቦርድ ይዛችኋል ብሎ ነው የሚናገረው፤ እዚያ «ፒ»ን ሲጫኑ «ፕሪንት» የሚለው ቃል በሙሉ ይወጣል። ላፕቶፕ ላይ ይህ አይታይም። መፍትሔው የኪቦርዱን ሥዕል አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

የኮሞዶር 64 የፕሮግራመሮች ማጣቀሻ መጽሐፍ፣ 1982 እ.ኤ.አ.፣ ከ400 ገጽ በላይ ነው። ትእዛዞቹን በፊደል ተራ ይዘረዝራል፤ ስለ ሥዕል፣ ስለ ድምፅና ስለ ማሽን ቋንቋ ያስረዳል፣ የወረዳ ንድፉ እንኳ አለበት። ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ ግን አስተማሪ አይደለም። ለጀማሪ እሱን መስጠት ፊደል ለሚቆጥር ልጅ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት እንደማሸከም ነው። መጀመሪያ የፊደል ገበታ ይቅደም እንጂ!

ሦስተኛው የሼልደን ሊመን ነው፣ 1984 እ.ኤ.አ.፤ የኮሞዶር 64ን ሚሞሪ አድራሻ በአድራሻ ይተነትናል። 53280 ምን እንደሆነ፣ ጎረቤቱ 53281 ደግሞ የጀርባውን ቀለም እንደሚይዝ ከእሱ ታገኛላችሁ። ይህ መጽሐፍ «ለምን?» ማለት ለጀመረ ተማሪ ነው። ሳይጠይቅ ከተሰጠው የቁጥር ክምር ብቻ ይሆንበታል።

መምህራን ሆይ፣ ገንዘባችን ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ የሚያስተምረውን እንግዛ። ማጣቀሻው ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅጂ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከመግዛታችን ወይም ከማባዛታችን በፊት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፕሮግራሞች ራሳችን ጽፈን እንሞክር። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያቺ ልጅ ከወንበሯ አትነሳም ነበር።

በማግስቱ ጠርቻት ሁለቱንም ትእዛዞች ጎን ለጎን አሳየኋት። «ቦርደር 2» ብላ ስትጽፍ ጠርዙ ቀላ። ዞር ብላ «ታዲያ ትናንት የተሳሳተው መጽሐፉ ነው?» አለችኝ። የለም፣ መጽሐፉም ልክ ነበር። የተሳሳተው የመረጠው ሰው ነው።

ቸር እንሰንብት!